የአንደኛ ዓመት ውጤቴና ሦስቱ ሽማግሌዎች

የሰው ልጅ በወጣትነቱ የሠራው ስንፍና ሁሉ አንድ ቀን ይረሳለታል፤ ሬጅስትራር የመዘገበው ካልሆነ በስተቀር። በልጅነታችሁ የጎረቤት ማንጎ ሰርቃችሁ ከሆነ ባለማንጎው ሞቷል፤ ዛፉም ተቆርጧል። በምታፈቅሯት ልጅ ፊት ከብስክሌት ወድቃችሁ ከሆነ እሷ አግብታ፣ ወልዳ፣ እናንተንም ብስክሌቱንም ረስታለች። በዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ ያገኛችሁት "ዲ" ግን ማኅተም አርፎበት፣ ተፈርሞበት፣ ከአይጥና ከእሳት ተጠብቆ ይቀመጥላችኋል። እናንተ ሽበት ታበቅላላችሁ፤ እሱ ግን ያው ለጋ ነው። እንዲያውም የእኔው ከዓመት ዓመት እየደመቀ የሄደ ይመስለኛል።

እኔ ሸዋሮቢት ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ስሜ ሰይድ ነው። ከተማው ግን "ዶክተር ሰይድ" ይለኛል። እኛ ዘንድ የዶክተርነት ማዕረግ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ገበያ ነው። መርፌ የወጋ ዶክተር ነው፤ ፓራሲታሞል የሸጠ ዶክተር ነው፤ ላም ያስወለደም ዶክተር ነው። የአምቡላንሳችን ሹፌር እንኳ ሽንኩርት ሊገዛ ሲወጣ ሴቶቹ "ዶክተር፣ በዚህ በኩል" ይሉታል፤ ኮራ ብሎ ዞር ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ሳልማር ከጠመጠምኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ለዚያውም በሸዋሮቢት ሙቀት።

ቀልዱን ለትንሽ ጊዜ ልተወው። ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲነሳ፣ ከቀወትና ከይፋት መንደሮች ሰው በባጃጅ፣ በጋሪ፣ በሰው ትከሻ እየሆነ ይመጣል። የምችለውን አክማለሁ፤ የማልችለውን ሪፈር ጽፌ ወደ ሌላ ቦታ እልካለሁ። አንድ ቀን ምጥ የጠናባት ሴት እጄን ጨብጣ ይዛ፣ "ዶክተር፣ አንተ እያለህ ወዴት ነው የምትልከኝ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ላክኋት። አልሐምዱሊላህ፣ እሷም ልጇም ተረፉ። እኔ ግን ያን ቀን በጣም አፈርኩ። ስሙን ለዓመታት በነፃ ስጠራበት ኖሬ ሥራው ሲመጣ ወረቀት ጽፌ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ሐኪም የመሆን ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

መንገዱ ደግሞ አለ። ዲግሪ ኖሮት ጥቂት ዓመት በጤና ሥራ ያገለገለ ሰው ተወዳድሮ ሕክምና መማር ይችላል። ደጋ ላይ ያለ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ማስታወቂያ አወጣ፤ ስሙን የማልጠራው ፈርቼ ሳይሆን ከእነሱ ጋር ያለኝ ጉዳይ ገና ስላላለቀ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ትራንስክሪፕትህን ይዘህ ና ተባልኩ። በዚች በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደስታዬን ሁሉ ውሃ በላው።

ስለ አንደኛ ዓመቴ ላስረዳችሁ። እኔ የቆላ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ብርድ ልብስ የሚወጣው ለእንግዳ ሲሆን፣ እንግዳውም ለይሉኝታ ያህል እግሩ ላይ ጣል ያደርገውና ሲነጋ አጥፎ ይመልሰዋል። ዩኒቨርሲቲ የተመደብኩት ጠዋት ጠዋት አፍ ጭስ በሚተፋበት አገር ነው። እዚያ ብርድ ልብስ ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ተዋወቅን፤ ተዋደድን፤ መለያየት አቃተን። የጠዋቱ የሒሳብ አስተማሪ እስከ ዛሬ ድረስ መልኬን አያውቀውም። ዓመቱ ሲያልቅ ዋርኒንግ ከገቡት ተማሪዎች ጋር ስሜ ተለጠፈ። በሁለተኛው ዓመት ውጤቴ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ምስጢሩ ጃኬት መግዛቴ ነው ብል ግን የሚያምነኝ የለም። ቃለ መጠይቅ ላይስ እንዴት ብዬ ልናገረው? "ክቡራን፣ ያ ውጤት የአእምሮዬ ሳይሆን የአየር ንብረቱ ነው" ልበል?

ጭንቀቴን ያቀለለልኝ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እሱ ከእኔ ቀድሞ እዚያው ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የእሱም የድሮ ውጤት ከእኔው የሚሻል አልነበረም። ስልክ ደውዬ እንዴት አለፍክ ስለው ሳቀና ምስጢሩን አወጣው። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው አለኝ። መሃል ላይ ሰብሳቢዋ ትቀመጣለች፤ ደግ ሴት ናት። በአንድ በኩል ቀጭን ዶክተር አለ፤ የድሮ ውጤት የሚያይበት ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው። በሌላው በኩል ወፍራም ዶክተር አለ። እነዚህ ሁለቱ ተኳርፈዋል፤ ከተኳረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ቀጭኑ "ይውደቅ" ያለውን ወፍራሙ "ይለፍ" ይላል። ሰብሳቢዋ ደግሞ ሆዷ ስለሚራራ ከወፍራሙ ጋር ትሆናለች። ስለዚህ አንተ ሥራህ ቀላል ነው አለኝ፤ ቀጭኑን ብቻ በደንብ አበሳጨው፣ ወፍራሙ ያስገባሃል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲፈቅድልኝ እለምናለሁ። እነዚህን የተማሩ ሰዎች በአካል ሳገኛቸው አንቱ እላቸዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን "አንተ" እና "አንቺ" ልበላቸው። ለምን እንደደፈርኩ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

የሰው ጠብ ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። በየሶላቴ መጨረሻ ለሁለቱ ሰዎች ኩርፊያ ዕድሜ እለምን ጀመር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ "እስከ ማክሰኞ ብቻ አቆይልኝ" እል ነበር፤ ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ ነበርና።

አሁን እናቴ ትመጣለች። ቃለ መጠይቁ ሲቃረብ ምግብ አልበላም ስላት ምን ሆነህ ነው አለች። ጠቡን ሳልነግራት የአንደኛ ዓመቱን ነገር ብቻ ነገርኳት፤ ያኔ ሰነፍኩ፣ አሁን እንዳይጥሉኝ ፈራሁ አልኳት። ከዚያ፣ "አጥፍተህ ከሆነማ ሽማግሌ ይላካል እንጂ እንዲህ ተቀምጦ ይታሰባል?" አለችኝ።

በእናቴ አትፍረዱባት። በይፋት ሽማግሌ የማይላክበት ጉዳይ የለም። የመስኖ ውሃ ከተራው ውጭ የጠለፈ፣ በሬው የሰው ማሾ የበላበት፣ ልጅ የሚያጭ፣ ደም የተቃባ፣ ሁሉም ሽማግሌ ይልካል። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ይሸመግላል። ሥራቸው ስለሆነ ሳይሆን፣ የተጣላ ሰው እያዩ ማለፍ ስለማይችሉ ነው። አንዳንዱ ሰው ያልተዘጋ በር አይቶ ማለፍ አይችልም፤ የእኛ ሽማግሌዎች ያልታረቀ ሰው አይተው ማለፍ አይችሉም። እናቴም በዚሁ አገር ተወልዳ፣ በሽማግሌ ታጭታ፣ ከአባቴ ጋር ስትጣላ በሽማግሌ እየታረቀች የኖረች ሴት ናት። ዩኒቨርሲቲ ለእሷ አንድ የተቀየመ ትልቅ ሰው ነው።

ረጅም ማብራሪያ ሰጠኋት። ኮሚቴ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ደንብ እንዳለ፣ ሰው ልኮ ማስለመን ከውድድር እንደሚያስወጣ፣ ሁሉን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና "እሺ" አለች። የእናቴን "እሺ" የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያችው ደቂቃ መናኸሪያ ሮጦ ሚኒባሶቹን ሁሉ ባስቆመ ነበር። እኔ ግን ልብሴን ልተኩስ ገባሁ።

የተላኩት ሦስት ናቸው። አንደኛው ሐጂ ሙሄ ናቸው፤ የማሾና የጤፍ ነጋዴ፣ በመጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠው የስንቱን ጠብ ያበረዱ ሰው። ሁለተኛው ጎረቤታችን ቄስ አስራት ናቸው። ሦስተኛው ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ሲሆኑ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የጣሉኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ ለምን እሳቸውን እንደመረጠች በኋላ ስጠይቃት፣ ጥፋትህን በደንብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነው አለችኝ።

እኔ ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ። እነሱ ከኋላዬ በሁለተኛው ተከተሉኝ። ሐጂ ሙሄ በሽርጥና በቀጭን ኮት፣ ቄስ አስራት በነጠላቸው፣ ጋሽ ደምሴ በአስተማሪነታቸው ዘመን በገዟት ሹራብ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተዋል፤ የተራራውን ዋሻ ሲያልፉ ብርዱ ጥርሳቸውን እያንቀጫቀጨው ቆሎውን ለመቆርጠም እንደተቸገሩ በኋላ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ የሆኑት ለእኔ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቴ ይመጣል።

ቃለ መጠይቁ እንደተባለው ሆነ። ሰብሳቢዋ መሃል፣ ቀጭኑ በግራ፣ ወፍራሙ በቀኝ። ቀጭኑ ትራንስክሪፕቴን ገለጠና አንደኛ ዓመት ላይ ሲደርስ ፊቱ ተኮሳተረ። "አንደኛ ዓመት ላይ ምን ነክቶህ ነው?" አለኝ። ያዘጋጀሁትን የሚያበሳጭ መልስ ሰጠሁት፤ ያኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ ብዙም አላሳሰበኝም አልኩ። ቀጭኑ ተንጨረጨረ። የአንደኛ ዓመት ውጤት የቤት መሠረት ነው፣ መሠረቱ የተንጋደደ ቤት አይቆምም እያለ ሰብሳቢዋን ያስረዳ ጀመር። ወፍራሙ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱም ወደ ሰብሳቢዋ ዞሮ፣ "ንገሪልኝ እስቲ፣ ይህ ሰው በወባ አገር ስንት ዓመት ሕዝብ ሲያክም የኖረ ነው፤ የጎረምሳ ውጤት እየቆጠርን ልናባርረው ነው?" አለ። ቀጭኑ በሰብሳቢዋ በኩል መለሰ። ወፍራሙ በሰብሳቢዋ በኩል ጨመረ። ምስኪን ሴትዮ እንደ ድሮ ስልክ ኦፕሬተር ወዲህና ወዲያ ስታገናኝ አንገቷ ዛለ። እኔ መሃል ላይ እጄን አጣምሬ ተቀምጫለሁ። እንደዚያ ቀን ተመችቶኝ አያውቅም። ሰብሳቢዋ ብዕሯን አነሳች፤ ወደ ወፍራሙ ልታዘነብል መሆኑን አየሁ።

በሩ ተንኳኳ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ጥበቃው ከኋላቸው ቆሞ፣ ምን ላድርግ ትልልቅ ሰዎች ናቸው በሚል ፊት ያየናል። በአገራችን ሽማግሌ ቆሞ የሚቀመጥ ማን አለ? ሰብሳቢዋ ተነሳች፤ ሁለቱ ዶክተሮችም ተነሱ። ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። ሐጂ ሙሄ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ "የመጣንበት ሳይሰማልን አንቀመጥም" አሉ። ልጅ ሊያጩ ሲሄዱ የሚሉት ነው፤ ይኸው የታጨሁት እኔ ሆንኩ። ሰብሳቢዋ ምን እንደነገረቻቸው ታውቃላችሁ? ደንብ አይፈቅድም አላለችም። "እሺ አባቶቼ፣ እንስማችሁ" አለች።

ስለ ሽምግልና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደህና ሽማግሌ የላከውን ሰው ጥፋት አያሳንስም፤ ያገዝፈዋል እንጂ። ከማግዘፉ የተነሳ ተበዳዩ ራሱ "ኧረ ይሄን ያህልስ አልበደለኝም" እስኪል ድረስ ይወስደዋል። ይህ ጥበብ ከብት ለሰረቀ ሰው ይሠራል። የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ላይ የሞከረው ግን አልነበረም።

ሐጂ ሙሄ ጀመሩ። ልጃችን አጥፍቷል፤ አላጠፋም ብለን አልመጣንም አሉ። የመንግሥት እንጀራ እየበላ፣ የመንግሥት አልጋ ላይ ተኝቶ፣ አንድ ዓመት ሙሉ መምህሩን ንቆ ከርሟል አሉ። ቀጭኑ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጋሽ ደምሴ ተቀበሉ። ስንፍናው አሁን የመጣ አይደለም፣ ዘጠነኛ ክፍልንም ደግሟል፣ እኔው ነኝ የጣልኩት አሉ። ከሰዓት ፀሐይዋ ስትከር አፉን ከፍቶ ይተኛ ነበር፤ ዝንብ እስኪገባበት እጠብቀው ነበር አሉ። ስለ ዘጠነኛ ክፍል እኮ ማንም አልጠየቀም! ማመልከቻው ላይም የለም። ቀጭኑ ብዕሩን አንስቶ መጻፍ ጀመረ። ቄስ አስራት የበኩላቸውን ሳያዋጡ መቅረት ስላልፈለጉ፣ ልጅ ሆኜ የዓረፋ ዕለት የታረደ በግ ደም አይቼ ራሴን ስቼ የወደቅሁበትን ቀን አነሱ። ውሃ የረጩብኝ እሳቸው ናቸው። ወፍራሙ ዶክተር እንኳ፣ ለእኔ ሊሟገት የተቀመጠው ሰው፣ በመጠራጠር አየኝ።

ቀጭኑ የጻፈው ላይ አንድ ነገር ሊያመሳክር ፈለገና ወፍራሙ ፊት ያለውን ወረቀቴን አየ። ሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። እሱ ግን ወደ ሰብሳቢዋ ዞሮ፣ ወረቀቱን አቀብዪኝ አለ። እሷ ወፍራሙን ጠየቀች። ወፍራሙ ለእሷ ሰጣት። እሷ ለቀጭኑ ሰጠች። ሐጂ ሙሄ ይህን አዩና የጀመሩት ንግግር አፋቸው ላይ ቆመ።

እኔ የወባ በሽተኛ ከበር ሲገባ አውቀዋለሁ። ሐጂ ሙሄ ደግሞ ጠብ በበር ሳይገቡ ያውቁታል። ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉና፣ "ለመሆኑ እናንተ ሁለታችሁ ትነጋገራላችሁ?" አሉ።

ሁለቱ ዶክተሮች ጠረጴዛውን አዩ። ሰብሳቢዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ የስንት ዓመት ድካሟ በዚያ ትንፋሽ ወጣ። "አባቶቼ፣ ለእኔ አላህ ነው እግዚአብሔር ነው የላካችሁ?" አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስታዘብ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ መኖሬን ያስታወሰ ሰው አልነበረምና። ለእኔ ጉዳይ አንቀመጥም ያሉት ሦስቱ ሽማግሌዎች ወንበር ስበው ተቀመጡ። ተመቻችተው ተቀመጡ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ጀመሩ። ለካ ሁለቱ ሰዎች ሕክምና አብረው የተማሩ፣ አንድ ክፍል ያደሩ ጓደኛሞች ኖረዋል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሲከራከሩ ቀጭኑ በንዴት፣ "አንተማ አንደኛ ዓመት ላይ ዋርኒንግ የገባህ ሰው" ብሎታል፤ በተማሪዎቹ ፊት። ወፍራሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረውም። ደካማ ውጤት ይዞ የመጣን ሁሉ ሲከላከል የኖረው ለካ ራሱን ሲከላከል ነው። ያን ጊዜ እውነት አዘንኩለት፤ ሕመሙን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

ቀጭኑ ተነስቶ የወፍራሙ ጉልበት ላይ ወደቀ። ወፍራሙ አነሳው። ተቃቀፉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ቄስ አስራት መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙ፣ ሐጂ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ደምሴ ለሁለቱም አሜንም አሚንም አሉ። ሰብሳቢዋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምክንያታችን ግን ለየቅል ነበር። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይላሉ። ሲታረቁ ሣሩ ምን እንደሚሆን የነገረኝ ሰው የለም።

ሰብሳቢዋ እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። "እና ይህ ልጅስ?" አለች።

ቀጭኑ ፊቱ እንደ ጨረቃ በርቶ፣ ከእንግዲህ የማንንም የአንደኛ ዓመት ውጤት አላነሳም፣ ይግባ አለ። አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ስከፍት ወፍራሙ የጓደኛውን እጅ ያዘ። የለም፣ አንተ ልክ ነበርክ አለው። እኔ ስቃወምህ የኖርኩት በእልህ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ ሰነፍ ነበርኩ፣ መሠረት መሠረት ነው፣ ያንተ ቃል ይጽና፣ ልጁ ይቅር አለ። ቀጭኑ አይሆንም፣ ያንተ ይጽና አለ። ወፍራሙ ወላሂ አይሆንም አለ፤ ክርስቲያን ነው፣ ግን በሐጂ ፊት ወላሂ ማለቱ የበለጠ የሚጸና መስሎት ነው። ሁለት ሰዎች በር ላይ "አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም" ሲባባሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሩ እኔ ነበርኩ።

በመጨረሻ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፤ እናንተ ፍረዱን አሉ። እኔ ሐጂ ሙሄን አየኋቸው። በዓይኔ ለመንኳቸው። ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፤ ለእኔ ብለው ተራራ ወጥተው፣ ለእኔ ብለው በብርድ ተቆራምደው የመጡ ሰው ናቸው። ሦስቱ አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሐጂ ሙሄ ቀና ብለው፣ "በአገራችን ሥርዓት የተበዳይ ቃል ነው የሚከበረው። ተበዳዩ ያለው ይሁን" አሉ።

ተበዳዩ ወፍራሙ ነው። ያለው ደግሞ "ልጁ ይቅር" ነው። በእኛ አገር እርቅ ካሳ አለው፤ በሬም ይሆናል፣ መሬትም ይሆናል። የዚህኛው እርቅ ካሳ እኔ ሆንኩ።

ማታ አራታችንም በአንድ ሚኒባስ ወደ ቆላ ወረድን። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ሙሽራ ቤት ሰው ደስ ብሏቸዋል። ጋሽ ደምሴ ቆሎ በእፍኛቸው እየዘገኑ ያቀብሉኛል። ሐጂ ሙሄ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "ልጄ፣ ዶክተር መሆን ምንድን ነው? ሁለት ሰው በሰበብህ ታረቀ፣ ይኼ ስንት አጅር፣ ስንት ምንዳ ነው" አሉኝ። ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜ አልነበረም። ዓይኔ ያሳሳተኝ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አየሁት።

ከተማችን ግን የሆነውን በሌላ መንገድ ሰማ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደጋ ወጥተው፣ በሐኪም ያልዳኑ ሐኪሞችን አስታረቁ ተባለ። ዝናቸው ማጀቴ ከተማ ደረሰ፤ ከዚያ ድረስ ሰው እየመጣ ለሽምግልና ይወስዳቸው ጀመር። እናቴ ገበያ ስትወጣ ሴቶች እየተነሱ ይስሟታል፤ የላከቻቸው እሷ ናትና። እኔንም እንኳን ደስ ያለህ ያሉኝ ሰዎች አሉ። ለምኑ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አኮረፍኩ፤ ምን ይደረግ? በሐጂ ሙሄ መጋዘን በር የማልፍበትን መንገድ ቀየርኩ። ሲያገኙኝ "ሰላም ነው?" ብዬ እሮጣለሁ። ሌላ አገር ይህ ሰላምታ ነው። እኛ ጋ ግን ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወገብ ሕመም ሳይጠይቅ ያለፈ ሰው ጦርነት እንዳወጀ ይቆጠራል። ነገሩ ሳይውል ሳያድር ተነቃብኝ። ባለፈው እሑድ ከሥራ ስገባ ሦስቱም እኛ ቤት ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እናቴ ከጎናቸው።

ተቀይመሃል አሉኝ። አልተቀየምኩም አልኩ። ሐጂ ሙሄ በእርጋታ፣ የተቀየምከው እኛን ከሆነ አባቶችህ ነንና ይቅር ብለንሃል አሉኝ። ይቅር የተባልኩት ምን አድርጌ እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልሰጡኝም። ዶክተሮቹን ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው ብለው ቀጠሉ፤ በታረቁ ሰዎች ላይ ቂም የያዘ ሦስተኛ ሰው ካለ እርቁ ውሎ አያድርም አሉ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ዘንድሮ እንደገና ማመልከት እፈልጋለሁ፤ ያቺ ምጥ የያዛት ሴትዮ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣችም፤ ሁለቱ ዶክተሮች እንዲህ ተስማምተው ከቀጠሉ ደግሞ መቼም አልገባም። በሆዴ ያለው ከአፌ አመለጠ። "ሐጂ፣ እርቁን ማፍረስ የሚቻልበት ሥርዓት የለም ወይ?" አልኳቸው።

ሐጂ ሙሄ "አስተግፊሩላህ" አሉ። ቄስ አስራት አማተቡ። እናቴ ሻሿን ስባ አፏን ሸፈነች። ጋሽ ደምሴ ብቻ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ መልሱ እንደጠፋኝ ጊዜ፣ ይኼስ አይገርመኝም በሚል ዓይን አዩኝ። እዚያው አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩና ፈረዱ፤ ቅዳሜ ደጋ ወጥቼ፣ በሥርዓቱ መሠረት ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ሁለቱን ዶክተሮች ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ድንጋዩን ጋሽ ደምሴ ከሮቢ ወንዝ ዳር ራሳቸው መርጠውልኛል፤ የሚኒባሱ ረዳት እንዳይቆጣ አነስ ያለ ነው። ባለፈው ስወጣ የትምህርት ማስረጃዬን ሁሉ ይዤ ነበር። አሁን የምይዘው ድንጋዩን ብቻ ነው፤ እሱ ቢያንስ የአንደኛ ዓመት ውጤት የለውም።